ልጅ ቃሏን ስትለውጥ

አንዲት የዘጠኝ ዓመት ልጅ እንጀራ አባቷ የፈጸመባትን ለፖሊስ ተናግራለች እንበል። ሰባት ወር ቆይቶ ችሎት ስትቀርብ ግን «ምንም አላደረገኝም፤ ዋሽቼ ነው» አለች። በሌላ ክርክር ዋናው ምስክር እንዲህ ካለ ነገሩ አለቀ። በቤተሰብ ውስጥ በሚፈጸም ወሲባዊ ጥቃት ግን የዳኛው ከባድ ሥራ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው።

የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 627፣ ዕድሜው 13 ዓመት ካልሞላ ሕፃን ጋር ግብረ ሥጋ የፈጸመን ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። አንቀጹ ሁለተኛ ምስክር አምጡ አይልም። እንዴትስ ይበል? በር ተዘግቶ የተፈጸመን ነገር የምታውቀው ልጅቷ ብቻ ናት። ስለዚህ ዳኛው ምስክር አይቆጥርም፤ ቃል ይመዝናል። በሌላው በኩል የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 አለ፦ ተከሳሹ እስኪፈረድበት ድረስ ንጹሕ ሆኖ ይገመታል፤ የመጣበትንም ምስክር የመጠየቅ መብት አለው። ክሱ የሚያስቆጣ ስለሆነ ብቻ ይህ መብት አይቀርም።

ልጅ ቀን አይቆጥርም። «ከፋሲካ በፊት»፣ «እማዬ ገበያ የሄደች ቀን» ነው የሚለው። መጀመሪያ «ሁለት ጊዜ» ያለች ልጅ በኋላ «ብዙ ጊዜ» ብትል ያ ብቻውን ውሸታም አያሰኛትም። ማን እንዳደረገው ከተምታታባት ግን ጉዳዩ ሌላ ነው።

አጠያየቁም ይመዘናል። በካሊፎርኒያ በ1983 እ.ኤ.አ. በማክማርቲን መዋዕለ ሕፃናት ሠራተኞች ላይ የተነሣው ክስ ለዚህ ማስተማሪያ ሆኗል። ልጆቹ መልሱን በሚያቀብሉ ጥያቄዎች በተደጋጋሚ ስለተጠየቁ የራሳቸውን ትዝታ ከጠያቂው ሐሳብ መለየት አስቸገረ፤ ጉዳዩም በ1990 ማንም ጥፋተኛ ሳይባል ተዘጋ። «አባትሽ ነክቶሻል አይደል?» የሚለው ጥያቄና «ምን ሆነ? ንገሪኝ» የሚለው የሚያመጡት መልስ ክብደቱ እኩል አይደለም።

ወደ ልጅቷ እንመለስ። በ2007 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት 257 መዝገቦችን መርምሮ 23 በመቶ ያህሉ ልጆች የሰጡትን ቃል መልሰው እንደካዱ አገኘ። ይበልጥ የካዱት ትንንሾቹ፣ ጥቃት ያደረሰባቸው ወላጅ ወይም እንደ ወላጅ ያለ ሰው የሆነባቸው፣ ሌላው አሳዳጊ ያልደገፋቸው ነበሩ። ይህ ለእኛ ሰው እንግዳ አይመስለኝም። አባወራው ሲታሰር የቤት ኪራይ ይጎድላል፤ እናት ታለቅሳለች፤ ሽማግሌ ይላካል፤ «ገመናችንን አደባባይ አወጣሽው» ይባላል። አስተዋይ ዳኛ እንግዲህ በሁለቱ ቃሎች መካከል ልጅቷ ማን ጋር እንደኖረች፣ ማን እንዳነጋገራት ያጣራል። መካዷ ብቻውን የፊተኛውን ቃል አያፈርሰውም፤ አያጸናውምም።

የሐኪም ወረቀትም ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። በ2004 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት 36 ነፍሰ ጡር ታዳጊዎች ተመርምረው የግብረ ሥጋ ግልጽ ምልክት የተገኘባቸው 2 ብቻ ነበሩ። ልብ በሉ፣ ነፍሰ ጡር ናቸው! «ምልክት አልታየባትም» የሚል ወረቀት ታዲያ ምንም አልተፈጸመም ማለት አይደለም።

ልጁን ከተከሳሹ ፊት ማራቅን በተመለከተ አገሮች የየራሳቸውን መንገድ ይዘዋል። ብዙ ወገኖቻችን በሚኖሩባት እስራኤል፣ ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ14 ዓመት በታች ያለን ልጅ የሚጠይቀው የሠለጠነ የልጆች መርማሪ ነው። መርማሪው ልጁ ችሎት መቅረቡ ይጎዳዋል ካለ በልጁ ፋንታ ራሱ ይመሰክራል፤ ያን ጊዜ ግን ደጋፊ ማስረጃ ከሌለ ጥፋተኛ ማለት አይቻልም። በአዲስ አበባ በልደታ ፍርድ ቤት ደግሞ ልጁ በሌላ ክፍል ከባለሙያ ጋር ይቀመጣል፤ ችሎቱ በቴሌቪዥን ያየዋል፤ የዐቃቤ ሕጉም የተከሳሹም ጥያቄ በባለሙያው በኩል ልጅ በሚገባው ቋንቋ ይደርሰዋል። ልጁ ተከሳሹን አያይም፤ ተከሳሹም የመጠየቅ መብቱን አያጣም።

አንባቢ ሆይ፣ ልጅ መጥታ ከነገረችህ አትመርምራት፣ ቃልም አታቀብላት። ያለችውን በራሷ አነጋገር ከነቀኑ ጻፈውና ሽማግሌ ከመፈለግህ በፊት ፖሊስ ጋር ሂድ። አዲስ አበባ ከሆንክ በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ሐኪሙንም ፖሊሱንም በአንድ ቦታ ታገኛለህ።