የጀይላኒ ሰንሰለት፦ ስለ ቃዲሪያ የሚወራውና እውነታው

ወሎ ውስጥ ሐድራ (የዚክርና የዱዓ ጉባኤ) ተቀምጦ ድቤ ሲመታ የሸህ አብዱልቃድር ጀይላኒ ስም ሳይነሣ አይቀርም። ስለ እርሳቸውና በስማቸው ስለሚጠራው የቃዲሪያ ጠሪቃ፣ ማለትም የሱፊ መንገድ፣ የምንሰማው ግን አብዛኛው ከመንዙማ የተቀዳ ነው። መንዙማ ደግሞ የሚገጠመው ለውዳሴ እንጂ ለታሪክ አይደለም።

«ጠሪቃውን ያቋቋሙት ራሳቸው ጀይላኒ ናቸው» ይባላል። እርሳቸው የተወለዱት እ.ኤ.አ. በ1077 ወይም በ1078 በዛሬዋ ኢራን፣ ከካስፒያን ባሕር በስተደቡብ ባለው በጊላን ነው። በወጣትነታቸው ለትምህርት ባግዳድ ገቡ፤ እዚያው ሲያስተምሩና ሲሰብኩ ኖረው በ1166 አረፉ። መድረሳና ደቀ መዛሙርት ነበሯቸው፤ የራሱ ዚክርና ሥርዓት ያለው፣ በየአገሩ ኸሊፋ (ወኪል) የተሾመለት ጠሪቃ ግን አልነበራቸውም። መድረሳውን የያዙት ልጆቻቸው ናቸው፤ ጠሪቃው ቅርጽ የያዘውም ከእነርሱ በኋላ በመጡት ትውልዶች እጅ ነው።

«ሱፊ ነበሩና ከሸሪዓ ጋር አይስማሙም ነበር» የሚለው ደግሞ የባሰ ስሕተት ነው። ጀይላኒ የሐንበሊ መዝሀብ ፈቂህ፣ ማለትም የሸሪዓ ሕግ ሊቅ፣ ነበሩ። ታላቁ የሐንበሊ ሊቅ ኢብን ቁዳማ በወጣትነቱ ደማስቆን ትቶ ባግዳድ ሲመጣ ያረፈው በእርሳቸው መድረሳ ነው፤ ሸሁ ሊሞቱ ጥቂት ሳምንታት ሲቀሩ ደረሰባቸው። የሱፊዎች ተቃዋሚ ተደርጎ የሚጠቀሰው ኢብን ተይሚያ እንኳ «ፉቱሕ አልገይብ» ከተባለው የጀይላኒ ስብከት ከፊሉን በአክብሮት አብራርቶ ጽፏል። ዛሬ በሐድራ ጉዳይ የሚሟገቱት ደጋፊዎችም ተቃዋሚዎችም ይህን ቢያስታውሱት ደስ ይለኛል።

ብዙ ግርታ ያለው በሲልሲላው፣ ማለትም በጠሪቃው ሰንሰለት፣ ላይ ነው። ሲልሲላ የሥጋ ዘር ይመስላቸዋል ብዙዎች። ጀይላኒ የዓሊ ልጅ የሐሰን ዘር ናቸው ይባላል፤ ያ ግን ሌላ ቆጠራ ነው። የጠሪቃው ሲልሲላ ማን ከማን እንደተማረና ፈቃድ እንደተቀበለ ይቆጥራል፤ የቅኔ መምህር የመምህሩን መምህር ወደ ላይ እንደሚጠራው ማለት ነው። ጀይላኒ ኺርቃውን (የሱፊ ካባውን) ከአቡ ሰዕድ አልሙኸሪሚ ተቀበሉ፤ ከዚያ በአልሐካሪ፣ በአጥጠርሱሲ፣ በአትተሚሚና በሺብሊ አልፎ ወደ ጁነይድ አልባግዳዲ ይወጣል። ከጁነይድ ወደ ሰሪ አስሰቀጢ፣ ከሰሪ ወደ መዕሩፍ አልከርኺ ያደርሳል። መዕሩፍ ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ በዓሊ አርሪዳ በኩል በነቢዩ ቤተሰብ፣ ሌላው በሐሰን አልበስሪ በኩል። ሁለቱም ሰይዲና ዓሊ ላይ ተገናኝተው ነቢዩ ሙሐመድ ዘንድ ይደርሳሉ።

ታዲያ ሰንሰለቱ በሙሉ የታሪክ ማስረጃ ነው? ሐሰን አልበስሪ በ642 ገደማ መዲና ተወልደው ዓሊ ሲገደሉ የሃያ ዓመት ገደማ ወጣት ነበሩ፤ ከዓሊ በቀጥታ መስማታቸውን ግን ብዙ የሐዲስ ሊቃውንት አልተቀበሉም። ከጁነይድ ወዲህ ያሉት በሰነድ የተሻለ ይታወቃሉ። ሲልሲላው የማይናገረውም አለ። ጀይላኒን በሱፊ መንገድ አርቀው ያሠለጠኗቸው ፊደል ያልቆጠሩት የተምር ሽሮፕ ሻጭ ሐማድ አድደባስ ነበሩ ይባላል። በተለመደው ሰንሰለት ውስጥ የገቡት ግን ፈቂሁ አልሙኸሪሚ ናቸው።

ስለ ጀይላኒ ከራማ (ተአምራት) የሚነገሩት ታሪኮች በብዛት የሚመዘዙት አሽሸጥጠነውፊ ከጻፈው «በህጀት አልአስራር» ነው፤ ጸሐፊው የሞተው በ1314፣ ከጀይላኒ መቶ አርባ ስምንት ዓመት በኋላ ነው።

ቃዲሪያን ወደ እኛ አገር አንድ ሰው ብቻውን አምጥቶ የተከለውም አይደለም። የሐረር ትውፊት በ16ኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ዓደን ላይ ያረፉትን አቡ በክር አልዓይደሩስን ይጠራል። ወሎ ደግሞ የራሱ ሸሆች አሉት፤ ከእነርሱ አንዱ መውሊድን ጀማ ንጉሥ በተባለው ቦታ ያስጀመሩት ሸህ ሙሐመድ ሻፊ ናቸው። ወሎ ውስጥ የተስፋፋው ሌላው ጠሪቃ ሰማኒያም ለቃዲሪያ ባዕድ አይደለም፦ መሥራቹ የመዲናው ሙሐመድ አስሰማን የቃዲሪያንም የሌላውን ጠሪቃ የኸልወቲያንም ሲልሲላ የተቀበሉ ሰው ነበሩ።