ደመወዝ ትቶ ወደ ሽንኩርት ልማት፦ ከመወሰናችሁ በፊት

«ሥራዬን ለቅቄ መቂ ወይም ባቱ አካባቢ ሽንኩርት ላልማ?» ብላችሁ በውስጥ መስመር የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። እንደ አግሮኖሚስት የምመልሰው ይኸው።

በሕገ መንግሥታችን አንቀጽ 40 መሠረት መሬት አይሸጥም። ስለዚህ ከገበሬው በኮንትራት ትይዛላችሁ፣ አለዚያም የእኩል ትገባላችሁ። ውሉን በጽሑፍ አድርጉት። ውሃውም ከመሬቱ እኩል ይታይ፤ ፓምፑ የማን ነው? ነዳጁን ማን ይችላል? ተራው በስንት ቀን ይደርሳል?

ችግኙ መደብ ላይ ከ6 እስከ 7 ሳምንት ይቆያል፤ ማሳ ላይ ከተዛወረ በኋላም ከ3 ወር በላይ ይፈልጋል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ወጪ እንጂ ገቢ የለም። የቤት ኪራይና የልጆች ወጪ ለልማቱ ከያዛችሁት ገንዘብ የሚወጣ ከሆነ፣ እባካችሁ አትጀምሩ።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ በስልክ ማረስ ነው። ትሪፕስ የሚባለው ተባይ በጣም ትንሽ ነው፤ የሚደበቀውም መሀል ላይ፣ ቅጠሎቹ በሚጋጠሙበት ቦታ ነው። ገለጥ አድርጎ የሚያይ ሰው ከሌለ፣ ቅጠሉ ብርማ መልክ ይዞ ከሩቅ እስኪታይ ጉዳቱ ደርሷል። ማሳው አጠገብ የማትኖሩ ከሆነ ሌላ ሥራ ምረጡ።

ገበያው ደግሞ ምሕረት የለውም። አካባቢው ሁሉ በአንድ ሰሞን ሲተክል በአንድ ሰሞን ይነቅላል፤ ያኔ ዋጋ የሚቆርጠው ደላላው ነው። ደርሶ አንገቱ የታጠፈ ሽንኩርት ማሳ ላይ ብዙ አይጠብቅም፤ በተለይ ዝናብ ካገኘው ይበሰብሳል። ነቅላችሁ የምታደርቁበት ጥላ ካላችሁ ግን ለመደራደር ቀናት ታገኛላችሁ።

የእኔ ምክር፦ በመጀመሪያው ዙር ሥራችሁን ሳትለቁ ጀምሩ፣ ከሩብ ሄክታርም አትለፉ፤ የዓመት ፈቃዳችሁን ለችግኝ ማዛወሪያው ሳምንት አቆዩት።