አልጋው ርካሽ፣ ሌሊቱ ውድ!

ይህችን ታሪክ ያጫወቱን ዋሽንግተን አካባቢ የሚኖሩ ባልና ሚስት ናቸው። «ስማችን ይቅር» ብለዋል። ከጥቂት ዓመታት በፊት፣ ገና የሠርጋቸው ወር ሳይሞላ፣ ለአክስት ልጅ ሠርግ ላስ ቬጋስ ይሄዳሉ። ከተማዋ ሐበሻ የሞላባት ናት። እነሱ ግን «ዘመድ አናስቸግርም» ብለው መሀል ከተማ አንድ አሮጌ የካዚኖ ሆቴል ያዙ። ለአዳር 45 ዶላር! ማን ይጠላል?

እሷ ገና ስትገባ ነው የወደደችው። የእንጨት ደረጃው፣ ግድግዳው ላይ የተደረደሩት የጥንት ፎቶዎች፣ ከባዱ የበር እጀታ... «የፒያሳውን ጣይቱ ሆቴል አስታወሰኝ» ትላለች።

እውነትም ሰፈሩ ታሪክ አለው። ላስ ቬጋስ በከተማነት የተቆረቆረችው እ.ኤ.አ. በ1905 ሲሆን፣ ዛሬ ጎልደን ጌት የሚባለው ሆቴል በ1906 ሥራ ጀመረ። በ1907 ስልክ ሲገባለት ቁጥሩ «1» ብቻ ነበር! ኔቫዳ ቁማርን ዳግም የፈቀደችው በ1931 ነው። ኤል ኮርቴዝ በ1941 ተከፈተ፤ በ2013 በአሜሪካ የታሪካዊ ቦታዎች መዝገብ ሰፍሯል። እንዲህ ያሉ ቤቶች ከአዲሶቹ ሕንፃዎች የሚለዩት ሰው ሰው ስለሚሸቱ ነው።

ታዲያ ሰው ሰው የሚሸት ቤት ሲጋራም ይሸታል! የኛዎቹ ሙሽሮች ሻንጣቸውን በደረጃ ጎትተው ወጡ፤ ሊፍት የለም። ክፍሏ ጠባብ ናት። የመንገዱ ሙዚቃ እስከ እኩለ ሌሊት ጆሮ ይበሳል። 45 ዶላሩም «ሪዞርት ፊ» የሚባል ተጨማሪ ክፍያ ነበረው።

ይህ ሁሉ ይቻላል። የማይቻለው ሌላ ነው። እንቅልፍ እምቢ ያለው ባል «ውሃ ልግዛ» ብሎ ወረደ። ሲመለስ ነግቷል። ለቤት ኪራይ ያስቀመጡት 800 ዶላር የለም! የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ማለት ይህ ነው።

ለመሆኑ እንዴት ተያዘ? በእንዲህ ዓይነት ቤቶች ወደ ክፍልም፣ ወደ ምግብም፣ ወደ ውጭም ሲኬድ መንገዱ በቁማር ማሽኖቹ መሀል ነው። ሰዓትም ሆነ መስኮት እምብዛም አይታይም። ለሚጫወት ሰው መጠጡ በነጻ ነው። ሒሳቡ ደግሞ ያው ለቤቱ ያደላል፦ የአሜሪካው ሩሌት 38 ቁጥር አለው፤ አንዱን ገምቶ ለደረሰለት የሚከፈለው ግን 35 እጥፍ ነው። በአማካይ ከተወራረዱት 100 ዶላር 5 ያህሉ የቤቱ ነው። እና ወዳጄ፣ የአልጋው ርካሽነት ደግነት አይምሰልህ። ቤቱ የሚያተርፈው ታች ነው።

እንግዲህ ታሪኩን ወደህ አሮጌ ካዚኖ ውስጥ ማደር ካማረህ፣ እደር! ግን፦

1. ጠቅላላውን ዋጋ አስቀድመህ እይ። ከሜይ 2025 ወዲህ የአሜሪካ ደንብ ሆቴሎች የግዴታ ክፍያዎችን ደምረው እንዲያሳዩ ያዛል።

2. ሊፍት መኖሩን ጠይቅ። ሲጋራ የማይጨስበትና ከመንገዱ ራቅ ያለ ክፍል እንዲሰጡህ ንገራቸው።

3. ልጅ ይዘህ አትሂድ። ከ21 ዓመት በታች መጫወት ክልክል ነው፤ ጭራሽ የማያስገቡም አሉ።

4. ለጨዋታ የምታወጣውን ገንዘብ ከቤት ሳትወጣ ወስን። የባንክ ካርድህን ለሚስትህ ስጥ። «ያጣሁትን ላስመልስ» ያልክበት ደቂቃ፣ ተነስ!

በማግስቱ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የወሰዷቸው ሐበሻ የታክሲ ሾፌር ነበሩ። «ጋሼ፣ እርስዎ ተጫውተው ያውቃሉ?» አላቸው ባል። «እኔማ የማመላልሰው ሰው ነው ልጄ» አሉት። «ሲመጡ ያወራሉ፣ ሲመለሱ ዝም ይላሉ።»

እሱም ዝም አለ። ለሚስቱ የነገራት አውሮፕላኑ ውስጥ ነው። አልቅሳለች፤ አኩርፋለች፤ ኪራዩንም ሁለቱም ትርፍ ሰዓት ሠርተው ከፍለዋል። ዛሬ ይስቁበታል። ብቻ አንድ ነገር ቀርቷል፦ ማታ ማታ «ውሃ ልግዛ» ብሎ ከተነሳ፣ ጫማዋን አድርጋ አብራው ትወጣለች።