የመንገደኞች አውሮፕላን አምራቾች ፉክክርና የተጓዦች ደኅንነት

በዓለም ላይ ከሚበሩት ትልልቅ የመንገደኞች ጄት አውሮፕላኖች አብዛኞቹን የሚያመርቱት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፤ እነርሱም እ.ኤ.አ. በ1916 የተመሠረተው የአሜሪካው ቦይንግ እና እ.ኤ.አ. በ1970 በአውሮፓ አገራት ትብብር የተቋቋመው ኤርባስ ናቸው። ቦይንግ እ.ኤ.አ. በ1997 የአገሩን ተፎካካሪ ማክዶኔል ዳግላስን ከጠቀለለ ወዲህ ገበያው በዋናነት በሁለቱ እጅ ይገኛል። በመካከላቸው ያለው ፉክክር ጥቅምም አደጋም ያለው በመሆኑ ተጓዦች ምንነቱን ቢረዱት ይበጃል።

የፉክክሩ ጥቅም

ነዳጅ ከአየር መንገዶች ዋና ዋና ወጪዎች አንዱ ነው። በመሆኑም አምራቾቹ ነዳጅ ቆጣቢ፣ ድምፁ የቀነሰና ረጅም ርቀት የሚበር አውሮፕላን ለማቅረብ ይሽቀዳደማሉ። ገዥው አየር መንገድም በዋጋና በርክክብ ጊዜ ላይ የመደራደር አቅም ያገኛል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ2012 የቦይንግ 787፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ደግሞ የኤርባስ ኤ350 አውሮፕላን በመረከብ በሁለቱም ከአፍሪካ ቀዳሚ ሆኗል። ይሁን እንጂ የሁለቱንም ኩባንያዎች ምርት መጠቀም የተለያየ የአብራሪዎችና የጥገና ባለሙያዎች ሥልጠና እንዲሁም መለዋወጫ ስለሚጠይቅ የራሱ ወጪ አለው።

ፉክክር ወደ ጥድፊያ ሲለወጥ

ኤርባስ እ.ኤ.አ. በ2010 አዲስ ሞተር የሚገጠምለትን ኤ320 ኒዮ ይፋ ሲያደርግ ከፍተኛ የግዥ ትዕዛዝ አገኘ። በቀጣዩ ዓመት ለረጅም ጊዜ የቦይንግ ደንበኛ የነበረው አሜሪካን ኤርላይንስ ከኤርባስም በብዛት ለመግዛት ወሰነ። ቦይንግም አዲስ አውሮፕላን ከመንደፍ ይልቅ እ.ኤ.አ. በ1967 ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረውን 737 በማሻሻል 737 ማክስን ለማቅረብ መረጠ።

የ737 ክንፍ ለመሬት ቅርብ በመሆኑ ትልልቆቹ አዳዲስ ሞተሮች ወደፊትና ከፍ ብለው እንዲገጠሙ ተደረገ። ይህ በአንዳንድ የበረራ ሁኔታዎች የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደ ላይ የሚገፋ በመሆኑ፣ አፍንጫውን ወደ ታች የሚመልስ ኤምካስ የተባለ ሥርዓት ተጨመረ። ሥርዓቱ የሚሠራው በአንድ ጠቋሚ መሣሪያ መረጃ ብቻ ሲሆን አብራሪዎች ስለ መኖሩ አልተነገራቸውም ነበር። የቀድሞውን 737 የሚያበሩ ባለሙያዎች ተጨማሪ የምስለ በረራ ሥልጠና አያስፈልጋቸውም መባሉም ለሽያጩ እንደ አንድ ማራኪ ነጥብ ይቀርብ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2018 በኢንዶኔዥያ የ189 ሰዎች፣ መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. ደግሞ ከአዲስ አበባ ወደ ናይሮቢ ሲበር ቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን የ157 ሰዎች ሕይወት አለፈ። የአሜሪካ ተወካዮች ምክር ቤት የትራንስፖርት ኮሚቴ እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው ሪፖርት፣ ከኤርባስ ጋር የነበረው ፉክክር በሥራው ላይ የወጪና የጊዜ ጫና ማሳደሩንና የአገሪቱ ተቆጣጣሪ አካልም ጉድለት እንደነበረበት አመልክቷል።

የተቆጣጣሪ አካላት ድርሻ

ማክስ በመላው ዓለም ከበረራ ታግዶ ከቆየ በኋላ፣ ኤምካስ የሁለት ጠቋሚዎችን መረጃ እንዲያነጻጽርና አብራሪዎች የምስለ በረራ ሥልጠና እንዲወስዱ ተደርጎ እ.ኤ.አ. ከ2020 መጨረሻ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ወደ አገልግሎት ተመልሷል። የአውሮፓ ተቆጣጣሪ አካል በአሜሪካው ፈቃድ ብቻ ሳይወሰን የራሱን ምርመራ አካሂዷል። የኢትዮጵያ አየር መንገድም አውሮፕላኑን ወደ በረራ የመለሰው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው።

የቻይናው ሲ919 እ.ኤ.አ. በ2023 መንገደኞችን ማጓጓዝ በመጀመሩ ፉክክሩ ወደፊት ሊሰፋ ይችላል። ተሳፋሪ የሚሳፈርበትን አውሮፕላን ንድፍ መርምሮ መምረጥ አይችልም፤ ይህን ኃላፊነት በእርሱ ስም የሚወጣው መንግሥት ነው። በመሆኑም በኢትዮጵያ የተመዘገበ አውሮፕላን መንገደኛ የሚያጓጉዘው የኢትዮጵያ ሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣን የበረራ ብቁነቱን ሲያረጋግጥ ነው። አምራቾች በዋጋና በጥራት ቢፎካከሩ ተጓዡ ይጠቀማል፤ የደኅንነት መስፈርት ግን ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ ሊሆን አይገባም።