ብጉርን ለሳይንስ ፕሮጀክት የመረጠ ተማሪ ከምን ይጀምር?

ትምህርት ቤቶች የሳይንስ ፕሮጀክት የሚያሠሩበት ወቅት ሲቃረብ፣ በውጭ አገር ልጅ የሚያስተምር ወላጅ ሁሉ አንድ ጥያቄ ይደርሰዋል፤ «ስለ ምን ልሥራ?» የሚል። በአፍላ ዕድሜ ላይ ካሉት ልጆች ጥቂት የማይባሉት ብጉርን ይመርጣሉ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ጉዳዩን በየጠዋቱ በመስታወት ያዩታል። ሙከራውም ቀላል ይመስላል፤ ፊትን በጥጥ መጥረግ፣ ጥጡን ባክቴሪያ በሚበቅልበት ሳህን ላይ ማሸት፣ ከመድኃኒት ቤት የተገዙትን ቅባቶች በየተራ ጠብ ማድረግ፣ ከዚያም የትኛው ባክቴሪያውን እንደገደለ ማየት።

እንዲህ የታሰበ ፕሮጀክት ግን ገና ከመነሻው ይሰናከላል። ሳህኑ ላይ የሚበቅለው በአብዛኛው የብጉር ባክቴሪያ አይደለምና።

ብጉር በባክቴሪያ ብቻ የሚመጣ ሕመም እንዳልሆነ አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። በጉርምስና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች የቆዳን ወዝ የሚያመነጩትን ዕጢዎች ያነቃቃሉ፤ ወዙ ይበዛል፤ የሞቱ የቆዳ ሕዋሳት ከወዙ ጋር ተጣብቀው የፀጉር መውጫውን ቀዳዳ ይደፍኑታል። በተደፈነው ቀዳዳ ውስጥ ባክቴሪያው ይራባል፣ ሰውነትም ይቆጣል። እብጠቱ፣ ሕመሙና መግሉ የዚህ ቁጣ ውጤት ነው።

ባክቴሪያው ኪውቲባክቴሪየም አክኒስ ይባላል። እስከ 2016 እ.ኤ.አ. ድረስ መጠሪያው ፕሮፒዮኒባክቴሪየም አክኒስ ስለነበር፣ የቆዩ መጻሕፍትን የሚያነብ ተማሪ ሁለት የተለያዩ ተሕዋስያን እንዳይመስሉት። ይህ ባክቴሪያ ብጉር ባለበት ሰው ላይ ብቻ ሳይሆን ፊቱ ጥርት ባለ አዋቂ ሰው ቆዳ ላይም ይኖራል። በ2013 በሎስ አንጀለስ የሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ብጉር ካለባቸውና ከሌለባቸው ሰዎች አፍንጫ ናሙና ወስደው አነጻጽረዋል። ባክቴሪያው በሁለቱም ወገን አንድ ሆኖ ሳለ፣ በውስጡ ካሉት ንኡሳን ዝርያዎች አንዳንዶቹ ብጉር ካለበት ቆዳ ጋር፣ ሌላው ደግሞ ከጤነኛ ቆዳ ጋር ተያይዘው ተገኝተዋል። እንግዲህ «ባክቴሪያውን ሁሉ ገድዬ ብጉርን አጠፋለሁ» የሚለው መላ ምት ከመነሻው መታረም አለበት።

ከዚህም ሌላ ባክቴሪያው ኦክስጅን አይስማማውም። በላቦራቶሪ የሚያድገው አየር በሌለበት ዕቃ ውስጥ፣ በ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ለበርካታ ቀናት ቆይቶ ነው። ከፊት የተወሰደ ጥጥ በተራ ሳህን ላይ ታሽቶ በማግስቱ ነጫጭ ነጠብጣቦች ቢታዩ፣ እነዚያ ከሞላ ጎደል እንደ ስታፊሎኮከስ ያሉ ሌሎች የቆዳ ነዋሪዎች ናቸው። በመካከላቸውም ቁስል የሚያመረቅዝ ዝርያ ሊኖር ይችላል። ቆዳ ላይ ጥቂት ሆኖ የኖረው ተሕዋስ ሳህን ላይ በሚሊዮኖች ይባዛልና፣ ክዳኑን ከፍቶ ማሽተትና መነካካት ቀልድ አይደለም።

በምሕጻሩ አይሴፍ ተብሎ የሚጠራው ዓለም አቀፍ የተማሪዎች የሳይንስና የምሕንድስና ውድድር ባክቴሪያን በመኖሪያ ቤት ማሳደግን የሚከለክለውም ለዚህ ነው። ወደዚህ ውድድር የሚያሳልፉ የየአካባቢው ውድድሮችም ደንቡን ይከተላሉ። ማእድ ቤት ውስጥ የተሠራ የባክቴሪያ ሙከራ ውጤቱ የቱንም ያህል ቢያምር ዳኞች ፊት አይቀርብም። ሥራው ከተጠናቀቀ በኋላ ይህን መስማት ለአንድ ልጅ ምን ያህል እንደሚከብድ መገመት አያዳግትም።

ታዲያ ምን ይሻላል? የትምህርት ቤቱ ላቦራቶሪ ብቁ ከሆነና መምህሩ ከፈቀዱ፣ ለትምህርት ቤቶች ከሚያቀርቡ ድርጅቶች ማንነቱ የታወቀ ባክቴሪያ ማስመጣት ይቻላል። ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስ ቆዳ ላይ የሚኖርና አየር ባለበት የሚያድግ በመሆኑ በብጉር ባክቴሪያ ምትክ ሊያገለግል ይችላል። ርእሱ ግን እውነቱን መናገር አለበት፤ «የብጉር ባክቴሪያ» ሳይሆን «በቆዳ ላይ የሚኖር ባክቴሪያ» ተብሎ መጻፍ ይኖርበታል። ላቦራቶሪ ለሌለው ወይም በዕድሜ አነስ ላለ ልጅ የዳቦ እርሾ አለ። እርሾ ባክቴሪያ ባይሆንም፣ በስኳር ውኃ ውስጥ የሚያወጣውን ጋዝ በፊኛ ሰብስቦ የተለያዩ የፊት ሳሙናዎች ምን ያህል እንደሚያዳክሙት መለካት ይቻላል። ትሑት ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ከተጭበረበረ ትልቅ ሙከራ ይልቃል።

በባክቴሪያ የሚሠራው ሙከራ የታወቀ መንገድ አለው። ባክቴሪያው ሳህኑ ላይ እኩል ይዳረሳል፤ በሚፈተሸው ነገር የተነከሩ ትናንሽ ክብ የማጣሪያ ወረቀቶች ይቀመጡበታል፤ ከአንድ ቀን በኋላ በየወረቀቱ ዙሪያ ባክቴሪያ ያልበቀለበት ጥርት ያለ ክብ በሚሊሜትር ይለካል። ለእያንዳንዱ ነገር ቢያንስ ሦስት ሳህን ያስፈልጋል፤ አንድ ሳህን ብቻ ያየ ሰው አጋጣሚን ከውጤት አይለይም።

እዚህ ላይ ለእኛ ቤት ቅርብ የሆነ አንድ ምሳሌ አለ። በ2012 በእንግሊዝ የሚገኘው የሊድስ ሜትሮፖሊታን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከርቤንና የጦስኝ ዘመድ የሆነውን የአውሮፓ ተክል በአልኮል ዘፍዝፈው በእውነተኛው የብጉር ባክቴሪያ ላይ ሞከሯቸው። ብርቱ ሆኖ የተገኘው የጦስኙ ዘመድ ነበር፤ በላቦራቶሪ ከታወቀው የብጉር መድኃኒት ከቤንዞይል ፐሮክሳይድም በልጦ ታየ። ዜናው በዓለም ዙሪያ ተሰራጨ። ለተማሪ የሚጠቅመው ግን ከዜናው ይልቅ ተመራማሪዎቹ ያደረጉት ጥንቃቄ ነው። አልኮል ራሱ ባክቴሪያ ይገድላልና፣ ተክል ያልተዘፈዘፈበትን ተመሳሳይ አልኮል ለብቻው ፈትሸው አነጻጽረዋል። ይህ ማነጻጸሪያ ባይኖር ኖሮ ውጤቱ የተክሉ ይሁን የአልኮሉ ማንም ሊያውቅ አይችልም ነበር።

በኢትዮጵያ ደጋ የሚበቅሉት የጦስኝ ዝርያዎች ከአውሮፓው ይለያሉ፤ በዘይታቸው ውስጥ ግን ታይሞልና ካርቫክሮል የተባሉት ባክቴሪያን የሚጎዱ ውሕዶች ይገኛሉ። ከአገር ቤት የተላከው የሻይ ጦስኝ ከሱቅ ከተገዛው የአውሮፓ ዘመዱ ጋር ቢነጻጸር ሌላው ተማሪ የማያቀርበው የራሱ ጥያቄ ይሆናል። የዘይቱ መጠን እንደ ዝርያውና እንደ አደራረቁ ስለሚለያይ፣ ሁለቱንም በግራም መዝኖ፣ በእኩል አልኮል፣ ለእኩል ቀን መዘፍዘፍ ያስፈልጋል።

ከዚህ ሁሉ በኋላም ሳህን ፊት አይደለም። አዳፓሊን የተባለውን ቅባት እንመልከት። በአሜሪካ ከ2016 ጀምሮ በ0.1 በመቶ መጠኑ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል፤ በብሪታንያ ግን ማዘዣ ይጠይቃል። የቆዳ ሐኪሞች ከሚያስቀድሟቸው የብጉር መድኃኒቶች መካከል ነው። ሳህን ላይ ቢፈተሽ ግን መጨረሻ ሊወጣ ይችላል፤ ሥራው ቀዳዳው እንዳይደፈን ማድረግ እንጂ ባክቴሪያ መግደል አይደለምና። ቤንዞይል ፐሮክሳይድ በበኩሉ ባክቴሪያውን የሚገድለው ኦክስጅን ለቆ ነው፤ ውኃ ውስጥ ግን በቀላሉ ስለማይሟሟ ከወረቀቱ ርቆ አይሰራጭም፤ ክቡም ከብርታቱ ያነሰ ሊሆን ይችላል። አንቲባዮቲክ ደግሞ ሳህን ላይ ሰፊ ክብ ሊያሳይ ይችላል፤ ሐኪሞች ግን ባክቴሪያው እንዳይለምደው ሲሉ ለብቻው እንዲወሰድ አይመክሩም፤ ብዙ ጊዜ ከቤንዞይል ፐሮክሳይድ ጋር ያዝዙታል። የክቡን ስፋት ብቻ ለክቶ «ምርጡ መድኃኒት ይህ ነው» ብሎ የሚደመድም ተማሪ የለካው አንድ ነገር፣ የተናገረው ሌላ ነገር ነው። እኔ ዳኛ ብሆን ይህን ልዩነት ራሱ አንስቶ ለሚያስረዳ ልጅ ከሁሉ የላቀውን ነጥብ በሰጠሁ ነበር።

በራስ ወይም በጓደኛ ፊት ላይ መሞከርስ? በሰው ላይ የሚደረግ ሙከራ በውድድሩ ደንብ መሠረት ከመጀመሩ በፊት በገምጋሚ ቦርድ መጽደቅ አለበት። ከደንቡም በላይ የቆዳችን ጉዳይ አለ። ጠቆር ያለ ቆዳ በተቆጣ ቁጥር ብጉሩ ከደረቀ በኋላ ለወራት የማይለቅ ጥቁር ምልክት ይተዋል፤ እንደ ሎሚ ያሉ የቤት መላዎች ይህን ያባብሱታል። ያለ ማዘዣ ከእጅ ወደ እጅ የሚዘዋወሩ ፊት የሚያቀሉ ቅባቶች ውስጥ ደግሞ ስቴሮይድ ሊኖር ይችላል፤ መጀመሪያ ፊትን ያለሰልሳል፣ ሲቆይ ግን ራሱ ብጉር ያመጣል። ሰው ሳይነካ የሚሠራ ፕሮጀክት የፈለገ ተማሪ የመድኃኒት ቤቱን መደርደሪያ ያጥና። የቤንዞይል ፐሮክሳይድ ቅባቶች በ2.5፣ በ5 እና በ10 በመቶ መጠን ይሸጣሉ፤ የ2.5 በመቶው ለተቆጣ ብጉር ከ10 በመቶው ጋር ተቀራራቢ ጥቅም እንዳለውና ቆዳን በመለብለብ ረገድ እንደሚሻል ከ1980ዎቹ ጀምሮ ይታወቃል። ዋጋቸው ከጥቅማቸው ጋር ይሄዳል ወይ ብሎ መጠየቅ ደብተርና እርሳስ ብቻ ይጠይቃል።

የላቦራቶሪውን መንገድ የመረጠ ግን ጊዜውን ወደ ኋላ ቆጥሮ ይነሳ። የፈቃዱ ቅጽ ባክቴሪያው ከመታዘዙ በፊት ይፈረማል፤ ለማዘዝና ለመድረስ ሳምንታት ይሄዳሉ፤ የመጀመሪያው ዙር ብዙ ጊዜ ስለሚበላሽ ሁለተኛ ዙር መታሰብ አለበት። ሳህኖቹ ከተዘጉ በኋላ አይከፈቱም፤ ልኬቱ ከታች በኩል፣ በሳህኑ ጀርባ ይወሰዳል። ሲያበቃም መምህሩ ባሉበት በ121 ዲግሪ እንፋሎት ወይም በበረኪና ድብልቅ ባክቴሪያው ተገድሎ ይወገዳል፤ ወደ ቤት የሚመጣው ማስታወሻ ደብተሩና ፎቶግራፉ ብቻ ነው።