መልእክቱ ቢጠፋስ? ቢደገምስ?

ከአዲስ አበባ ወደ አዳማ የሚጓዝ ሰው ከተማዋ ከመድረሱ በፊት በኮረብቶቹ ላይ የሚሽከረከሩትን የነፋስ ተርባይኖች ማየቱ አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2012 ሥራ የጀመረው አዳማ አንድ 34፣ በ2015 የተከተለው አዳማ ሁለት ደግሞ 102 ተርባይኖች አሏቸው። እያንዳንዱ ተርባይን የነፋሱን ፍጥነት በየሰከንዱ ለማዕከል ያሳውቅ ብንል፣ በአንድ ቀን 11,750,400 መልእክቶች ይላካሉ ማለት ነው። ለዚህ ዓይነቱ ሥራ በብዙ ኮምፒውተሮች ላይ ተከፋፍሎ የሚሠራ ሶፍትዌር ለመጻፍ የተነሣ ተማሪ መልእክቶቹን በምን ያመላልሳቸው?

ላኪውን ከተቀባዩ ጋር በቀጥታ ማገናኘት ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን መብራት ጠፍቶ ተቀባዩ ቢዘጋ፣ ላኪው ወይ ቆሞ ይጠብቃል ወይ መልእክቱን ይጥላል። ስለዚህ በመካከላቸው መልእክት ተቀብሎ የሚያቆይ አቀባባይ ሶፍትዌር ይገባል። ኤም ኪው ቲ ቲ የተባለው የመልእክት አላላክ ደንብ እ.ኤ.አ. በ1999 የነዳጅ ቧንቧዎችን በሳተላይት ለመከታተል የተዘጋጀ በመሆኑ ደካማ መስመርና አነስተኛ መሣሪያ ይበቃዋል። ራቢት ኤም ኪው በተለመደው አሠራሩ መልእክቱን በወረፋ ይዞ፣ ተቀባዩ «ጨርሻለሁ» ሲለው ይሰርዘዋል። በሊንክድኢን ኩባንያ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 ለሁሉም ክፍት የሆነው ካፍካ ግን መልእክቱ ከተነበበም በኋላ እስከተወሰነለት ጊዜ ድረስ በመዝገብ ያቆየዋል፤ ያለፈውን ሳምንት ነፋስ እንደገና ለማስላት የሚሻ ተመራማሪ ይህን ይወደዋል።

ተማሪዎች የመመረቂያ ሥራቸውን ሲያቀርቡ ካፍካን ለምን እንደመረጡ ብጠይቃቸው ስመ ጥር መሆኑን ይነግሩኛል (መለኪያ መሣሪያዎቻቸው ሦስት ብቻ ሆነው ሳለ!)። አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ግን አንድ መልእክት ቢጠፋ ወይም ቢደገም ምን እንደሚከተል ነው። የአንድ ሰከንድ የነፋስ ልኬት ቢጠፋ ቀጣዩ ይተካዋል፤ ቢደገምም የተለካበት ሰዓት ስለሚጻፍበት ይለያል።

ገንዘብ ግን እንዲህ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2021 ቴሌብር ከተጀመረ ወዲህ በስልክ ገንዘብ መላክ የዕለት ተዕለት ጉዳይ ሆኗል። ለምሳሌ አንድ ተማሪ ከባቱ ወደ አዳማ 500 ብር የሚያስተላልፍ ፕሮግራም ጻፈ እንበል። ትእዛዙ ተላከ፤ መልስ አልመጣም። የጠፋው ትእዛዙ ነው ወይስ መልሱ? ላኪው ይህን ከተቀመጠበት ሆኖ ሊያውቅ አይችልም። ቢደግም 1,000 ብር ሊቀነስ ነው፤ ቢተው ገንዘቡ ላይደርስ ነው።

ኤም ኪው ቲ ቲ «በትክክል አንድ ጊዜ» የማድረስ ደረጃ አለው፤ ይሁን እንጂ ዋስትናው በመሣሪያውና በአቀባባዩ መካከል ያለውን ጉዞ እንጂ ተቀባዩ ፕሮግራም ከዚያ በኋላ የሚሠራውን አይሸፍንም። ፕሮግራሙ ሂሳቡን ቀንሶ፣ «ጨርሻለሁ» ሳይል ቢቋረጥ አቀባባዩ ያንኑ ትእዛዝ ደግሞ ያቀብለዋል። በዚህ ረገድ የትኛውም መሣሪያ ቢመረጥ ተማሪውን ከሥራ አያድነውም። ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ላኪው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ያንኑ ትእዛዝ ሲደግምም ቁጥሩን አይለውጥም። ተቀባዩም ቁጥሩን አስቀድሞ አይቶት ከሆነ ገንዘብ ሳይነካ የቀድሞውን መልስ ብቻ ይመልሳል። ቁጥሩ ግን ከሂሳቡ ጋር በአንድ የመረጃ ቋት፣ በአንድ ግብይት መመዝገብ ይኖርበታል፤ ለየብቻ ከተጻፉ በመካከላቸው መብራት ሊጠፋ ይችላል።