የተያዘ አገር ወንበር፦ በዓለም አቀፍ ጉባኤዎች ስለ ውክልና የተደረገ ክርክር

አንድ አገር በጦር ተይዞ መንግሥቱ ሲሰደድ በዓለም አቀፍ ጉባኤ በስሙ የሚናገረው ማን ነው የሚለው ጥያቄ በአብዛኛው የሚወሰነው በአደባባይ ንግግር ሳይሆን በውክልና ደብዳቤ ምርመራ ነው። የውክልና ደብዳቤ ርእሰ ብሔሩ ለመልእክተኞቹ የመናገርና ድምፅ የመስጠት ሥልጣን መስጠቱን የሚያረጋግጥበት ጽሑፍ ሲሆን፣ በሰላሙ ጊዜ ማንም ልብ ሳይለው ያልፋል፤ ወራሪ ሲኖር ግን ደብዳቤውን መመለስ ወረራውን ከማጽደቅ ብዙም አይርቅም። የኮሪያው ንጉሠ ነገሥት ጎጆንግ በ1907 (ቀናቱና ዓመታቱ ሁሉ እንደ ጎርጎርዮስ አቆጣጠር ናቸው) ሦስት መልእክተኞች በምስጢር ወደ ሄግ የሰላም ጉባኤ ቢልኩም፣ የአገሪቱ የውጭ ጉዳይ ሥልጣን በ1905 ውል ለጃፓን ተላልፏል ተብሎ አዳራሹ ተዘጋባቸው፤ ንጉሡም በዚሁ ሰበብ ተገደው ዙፋናቸውን ለቀቁ።

ከሁሉ ይልቅ ጉዳዩ የተብላላው በኢትዮጵያ ነው። ኢጣሊያ ግንቦት 1936 አዲስ አበባን ይዛ ኢትዮጵያን በግዛቷ ማካተቷን ካወጀች በኋላ፣ የመንግሥታቱ ማኅበር ጠቅላላ ጉባኤ በመስከረም ጄኔቭ ላይ ሲሰበሰብ የኢትዮጵያ መልእክተኞች ደብዳቤያቸውን አቀረቡ። ብሪታንያና ፈረንሳይ ኢጣሊያ ወደ ጉባኤው እንድትመለስ ይሹ ነበር፤ የማኅበሩ ዋና ጸሐፊ ጆሴፍ አቬኖልም አስቀድሞ ሮም ድረስ ሄዶ ተነጋግሮ ነበር። የውክልና መርማሪው ኮሚቴ የተከራከረበት ነጥብ ሲታይ ቴክኒካዊ ይመስላል፦ ደብዳቤውን የሰጡት ንጉሠ ነገሥት በአገራቸው ላይ ያላቸውን ሥልጣን በተግባር እየሠሩበት ነውን? የትናንሾቹ አገሮች ተቃውሞ ስለበረታ ግን ኮሚቴው ጥርጣሬው ለኢትዮጵያ እንዲተረጎምላትና ለዚያ ጉባኤ ብቻ እንድትቀመጥ ሐሳብ አቀረበ፤ ጉባኤውም በ39 ድጋፍ፣ በ4 ተቃውሞና በ6 ድምፀ ተአቅቦ አጸደቀው። ማዕቀቡን ከሁለት ወር በፊት ያነሣው ይኸው ማኅበር ስለሆነ፣ ድሉ የወረቀት ድል መሆኑ አይካድም። ይሁን እንጂ ወረቀት ብቻ ለቀረው መንግሥት ወረቀቱ ቀላል አልነበረም።

ግንቦት 1938 የማኅበሩ ምክር ቤት በብሪታንያ ጠያቂነት ለኢጣሊያ ዕውቅና መስጠትን እያንዳንዱ አባል በራሱ እንዲወስን ሲነጋገር፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በስፍራው ተገኝተው ቃላቸውን መልእክተኛቸው ሎሬንዞ ታዕዛዝ አነበበላቸው። ከጥቂቶች በቀር ተቃዋሚ አልተገኘም፤ ብሪታንያም በኅዳር ሕጋዊ ዕውቅናዋን ሰጠች። አሜሪካና ሶቪየት ኅብረት ግን እስከ መጨረሻው ዕውቅና ከነፈጉት መካከል ነበሩ።

አገሪቱ በ1941 ነፃ ከወጣች በኋላም የወንበሩ ጉዳይ ወዲያው አልተቋጨም፤ የብሪታንያ ጦር አስተዳደር በሥፍራው ስለነበር፣ ኢትዮጵያ በ1942 የተባበሩት መንግሥታትን መግለጫ መቀላቀሏ፣ ቀጥሎም በሆት ስፕሪንግስ፣ በብሬተን ዉድስና በሳን ፍራንሲስኮ ጉባኤዎች መቀመጧ ሉዓላዊነቷን ደረጃ በደረጃ ማስመለሻ ሆነ። በ1946ቱ የፓሪስ የሰላም ጉባኤ ከ21ዱ ተሳታፊዎች አንዷ ነበረች። የ1947ቱ የሰላም ውል ኢጣሊያ ለኢትዮጵያ ያለባት ኃላፊነት ከጥቅምት 3 ቀን 1935 ጀምሮ እንዲቆጠር ደነገገ፤ ይህም ለሌሎቹ ባለድል አገሮች ጦርነቱ ከጀመረበት ጊዜ ብዙ የሚቀድም ሲሆን፣ ወረራው ሕጋዊ ፍሬ አላፈራም የሚለው የጄኔቭ ክርክር ጽሑፍ ሆኖ የቀረበት ቦታ ነው።

ይኸው መርህ በካምቦዲያ ሌላ መልክ ያዘ። ቬትናም ፕኖም ፔንን ከያዘች በኋላ፣ የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ በ1979 መቀመጫውን በ71 ድምፅ ለተባረረው የክመር ሩዥ መንግሥት አጸና፤ ወረራን አለመቀበል ሕዝቡን የፈጀውን ወገን በወንበር ማኖር ሆነ። መፍትሔው የመጣው በ1991 የፓሪስ ስምምነት ሲሆን፣ መቀመጫው አራቱ ተፋላሚ ወገኖች ለተካተቱበት ጠቅላይ ብሔራዊ ምክር ቤት ተሰጠ።